ስደተኛ ቤተሰብን በአጥቢያ ደረጃ እንዴት እንቀበል? ለምእመናን የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ አንድን ስደተኛ ወይም አንድን የስደተኛ ቤተሰብ ለመቀበል ለተነሣሣ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ ማኅበር ወይም የጸሎት ቡድን የተጻፈ ነው። መነሣሣቱ ብዙ ጊዜ ከስብከት በኋላ ይመጣል፤ ጌታ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» (ማቴ. 25፥35) ያለው ቃል ልብን ይነካና ምእመናን በዚያው ዕለት ልብስና ገንዘብ ማዋጣት ይጀምራሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እንግዳው ከአንድ ቀን ልግስና ይልቅ ከስምንት ወር በኋላም ስልኩን የሚያነሣለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው በአብዛኛው የሚያተኩረው የመጀመሪያው ስሜት ከበረደ በኋላም አገልግሎቱ እንዲቀጥል በሚያደርጉ ነገሮች ላይ ነው።

አንደኛ፦ ከመዋጮው በፊት ቃሉን አብራችሁ አጥኑ

ሥራ ወዳድ የሆኑ ሰዎች ይህን ደረጃ ዘልለው ማለፍ ይፈልጋሉ፤ እንዳይዘለል አጥብቄ እመክራለሁ። ምክንያቱም እንግዳው ከመጣ በኋላ ጉባኤው ውስጥ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ መልስ መፈለግ ደግሞ ይዘገያል። ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንታት ተሰብስባችሁ የሚከተሉትን ክፍሎች በቅደም ተከተል አንብቡ።

በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥33-34 እግዚአብሔር ለእስራኤል የሰጠው ትእዛዝ መጻተኛውን አለመበደልን ብቻ የሚጠይቅ አይደለም፤ እንደ አገር ልጅ እንዲቆጠርና እንደ ራስ እንዲወደድ ያዝዛል፣ ምክንያቱንም «እናንተ በግብፅ ምድር እንግዶች ነበራችሁና» ሲል ያስቀምጣል። ከዚያ ወደ ኦሪት ዘዳግም 24፥19-21 እለፉ። በአጨዳ ጊዜ የተረሳው ነዶ፣ በዛፉ ላይ የቀረው ወይራና ወይን ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ እንዲተው የሚያዝዘው ይህ ሕግ ሦስቱን በአንድ መስመር ይጠራቸዋል። «የራሳችን ችግረኞች እያሉ ለምን ለውጭ ሰው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ ሕጉ የአገሩን ድሀና መጻተኛውን እንደ ተፎካካሪ አላያቸውም፣ ከአንድ እርሻ እንዲቃርሙ ነው ያደረገው። ሞዓባዊቷ ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚህ ልማድ መሠረት ነበር፤ እርሷም የዳዊት ቅድመ አያት ሆነች፣ ስሟም በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ተጻፈ (ማቴ. 1፥5)።

ቀጥሎ ሕፃኑ ኢየሱስ ከእናቱና ከዮሴፍ ጋር ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ የሸሸበትን ታሪክ (ማቴ. 2፥13-15) አንብቡ፤ በሌሊት መውጣታቸውን ልብ በሉ። በመጨረሻም በዕብራውያን 13፥2 «እንግዶችን መቀበል አትርሱ» የሚለውን አንብቡ። በዚያ ስፍራ የገባው የግሪክ ቃል «ፊሎክሴኒያ» ሲሆን ትርጉሙ ባዕድን፣ የማያውቁትን ሰው መውደድ ማለት ነው። ስለዚህ መልእክቱ ወዳጅ ዘመድን በቤት ከማስተናገድ ያለፈ ነው።

በጥናቱ ወቅት ፍርሃት ያለባቸው ምእመናን ፍርሃታቸውን በግልጽ እንዲናገሩ ጊዜ ስጧቸው። ስለ ደኅንነት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሃይማኖት ልዩነት የሚሰማቸውን ሥጋት ተናግረው የተደመጡ ሰዎች ኋላ ላይ ደግ አገልጋዮች ሲሆኑ አይቻለሁ፤ ዝም እንዲሉ የተደረጉት ግን በየማዕዘኑ ያጉረመርማሉ።

ሁለተኛ፦ የምትቀበሉት ሰው በሕግ ፊት ማን እንደሆነ ለዩ

በዕለት ተዕለት ንግግር ከአገሩ የወጣውን ሁሉ «ስደተኛ» እንላለን። ሕጉ ግን ይለያል፤ ልዩነቱን አለማወቅም እንግዳውን ሊጎዳው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1951 በጄኔቫ የጸደቀው የስደተኞች ስምምነት እንደሚለው ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት መሳደድ እንዳይደርስበት በቂ ምክንያት ባለው ፍርሃት ከአገሩ ውጭ የሚገኝና የአገሩን ጥበቃ ማግኘት የማይችል ወይም በዚሁ ፍርሃት የተነሣ የማይፈልግ ሰው ነው። ስምምነቱ በመጀመሪያ ከ1951 በፊት በደረሱ ክስተቶች የተገደበ ነበር፤ የ1967ቱ ፕሮቶኮል ይህን የጊዜ ገደብ አነሣ። በ1969 የወጣው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ ከውጭ ወረራና ሕዝባዊ ሥርዓትን ክፉኛ ከሚያናጋ ሁከት የሸሹትንም በትርጉሙ ውስጥ አካትቷል።

ጥገኝነት ጠያቂ የሚባለው ማመልከቻውን አስገብቶ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ነው። ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለቤተሰብ ብሎ የመጣው ፍልሰተኛ ሌላ ሕግ ይመለከተዋል፤ በገዛ አገሩ ውስጥ ከቀዬው የሸሸው ደግሞ ተፈናቃይ ይባላል። እነዚህን ስሞች የምታጠኑት ማን ፍቅር እንደሚገባው ለመለየት አይደለም፤ ፍቅሩ ለሁሉም አንድ ነው። የምታጠኑት ማን የትኛው መሥሪያ ቤት መሄድ እንዳለበት፣ የትኛው ቀነ ገደብ እንደሚያልፍበትና ሥራ መሥራት ይፈቀድለት እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ከ1951ዱ ስምምነት ሁለት አንቀጾችን ቡድኑ በሙሉ ቢያውቃቸው ይጠቅማል። አንቀጽ 33 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ወደሚወድቅበት ምድር መመለስን ይከለክላል። አንቀጽ 31 ደግሞ አደጋውን ሸሽቶ በቀጥታ የመጣና ሳይዘገይ ለባለሥልጣናት የቀረበ ስደተኛ ያለ ፈቃድ በመግባቱ ብቻ እንዳይቀጣ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሰው በቤት ከማኖራችሁ በፊት በስደተኞች ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ቡድን አቋቁሙ፣ ሥልጣኑንም አከፋፍሉ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለቱ እደላ ችላ ስለተባሉባቸው ባጉረመረሙ ጊዜ ሐዋርያት ቅሬታውን አላጣጣሉም፤ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ ነገሩአቸው። የተመረጡት ሰባቱም ከእስጢፋኖስ እስከ አንጾኪያዊው ኒቆላዎስ ድረስ የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። እደላው በአብዛኛው ቅሬታ ከነበረበት ወገን በሆኑ ሰዎች እጅ እንደገባ ከዚህ መገመት ይቻላል። ከዚህ የምንማረው ተግባራዊ ነገር አለ፤ ቡድናችሁ ውስጥ ራሱ ስደትን ያየ፣ ቢቻል የእንግዶቹን ቋንቋ የሚናገር ሰው በሙሉ ድምፅ አባል ይሁን። አስተርጓሚ ብቻ አድርጋችሁ አትጥሩት።

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። አንዱ ሰብሳቢ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ፣ አንዱ የቤትና የዕቃ ኃላፊ፣ አንዱ የሕክምናና የትምህርት ቤት ጉዳይ ተከታታይ፣ አንዱ የወረቀትና የቀጠሮ ኃላፊ ይሁን። ገንዘብ ያለ ሁለት ፊርማ አይውጣ። ሰብሳቢው የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ወይም መጋቢ ባይሆን ይመረጣል፤ እንግዳው ቅር ያለው ነገር ሲኖር ከቡድኑ ውጭ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋልና ያ ሰው አገልጋዩ ቢሆን ይሻላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ደንብ ጽፋችሁ እያንዳንዱ አባል ይፈርምበት። ማንም አዋቂ ከእንግዶቹ ልጆች ጋር ብቻውን በተዘጋ ስፍራ አይሁን። ከተረጂ ጋር የፍቅርም ሆነ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ተረጂው ፈቅዷል ማለት ምክንያት አይሆንም፣ የሚበላውና የሚያድርበት በእናንተ እጅ ያለ ሰው በነጻነት «እሺ» ለማለት አይችልምና። ማንም ለእንግዳው በግሉ ገንዘብ አያበድር፣ በግል ቤቱም በነጻ ወይም በርካሽ አያሠራው። የሰሙትን የእንግዳውን ታሪክ ለጸሎት ቡድን እንኳ ሳይቀር ያለ ፈቃዱ አይናገሩ። «እንጸልይላቸው» በሚል ስም ብዙ ምሥጢር እንደሚባክን እናንተም ታውቃላችሁ።

አራተኛ፦ ገንዘቡንና ቤቱን ከእንግዳው አስቀድማችሁ አዘጋጁ

የድጋፉን ዘመን ወስኑ። በካናዳ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤተ ክርስቲያናትና የዜጎች ቡድኖች ስደተኞችን በራሳቸው ወጪ የሚቀበሉበት የመንግሥት መርሐ ግብር አለ፤ በዚያ የተለመደው የድጋፍ ጊዜ 12 ወር ነው፣ ለብዙ አጥቢያም ተገቢ መነሻ ይመስለኛል። በጣሊያንም በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የካቶሊካውያኑ የቅዱስ ኤጂዲዮ ማኅበረሰብ፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ፌዴሬሽንና ፕሮቴስታንት የሆነችው የዋልዴንሳውያን ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ጋር ተስማምተው «ሰብአዊ መተላለፊያ» የተባለውን መንገድ ከፍተዋል፤ በዚህም ሰዎች ባሕሩን በጀልባ ሳያቋርጡ በቪዛና በአውሮፕላን እንዲገቡ ተደርጓል። ሁለቱም ምሳሌዎች የሚያሳዩት የተለያየ ትውፊት ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው ከሕግ ጋር አብረው መሥራት እንደሚችሉ ነው። አጥቢያችሁ ትንሽ ከሆነ ከጎረቤት አጥቢያ ጋር ተጣመሩ።

በጀቱ በወርኃዊ ቃል ኪዳን ይቁም እንጂ በአንድ ጊዜ መዋጮ ብቻ አይደገፍ። ከእንግዳው መምጣት በፊት ቢያንስ የሦስት ወር የቤት ኪራይ በእጃችሁ ይኑር። ለዕቃ መዋጮ ዝርዝር አውጡና ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን በትሕትና መልሱ፤ ለራሳችን ልጅ የማናለብሰውን ልብስ፣ ለራሳችን ቤት የማንፈልገውን የተሰበረ ወንበር ለእንግዳ መስጠት ልግስና አይባልም።

ቤቱን በተመለከተ፣ በምእመን ቤት ከማሳደር ይልቅ ለብቻው የሆነ፣ ትንሽም ቢሆን ቁልፉ በእንግዳው እጅ ያለ ቤት መከራየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በሰው ቤት የሚኖር ሰው መብራት ለማብራት እንኳ ይሳቀቃል፣ ልጁ ሲያለቅስ ይጨነቃል፣ አስተናጋጁም ሲደክመው ለመናገር ያፍራል። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ግን የቆይታው ጊዜ፣ የወጥ ቤትና የመታጠቢያ አጠቃቀም፣ የእንግዳ መቀበል ጉዳይ አስቀድሞ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ። ቤት ስትመርጡ ለእናንተ የቤተ ክርስቲያን አጥር መቅረቡን ሳይሆን ለትራንስፖርት፣ ለትምህርት ቤትና የእንግዳውን ቋንቋ ለሚናገሩ ሰዎች መቅረቡን ተመልከቱ።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያው ቀን

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18ን የዚህ ቀን መርሐ ግብር አድርጋችሁ ያዙት። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን ሰዎች ባየ ጊዜ ሊቀበላቸው ሮጠ፣ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አቀረበ፣ ከዛፉ በታች እንዲያርፉ ለመናቸው፣ ከዚያም ምግብ አዘጋጀ፤ ሲበሉም አጠገባቸው ቆመ። ከየት እንደመጡና ለምን እንደመጡ አልጠየቃቸውም። ውኃ፣ ዕረፍት፣ ምግብ፤ ከዚህ በላይ በመጀመሪያው ቀን አትፈልጉ።

ለመቀበል ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ይሂድ፤ ከእነርሱ አንዱ አስተርጓሚ ይሁን። የመዘምራን ቡድን፣ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳና ካሜራ ይቅር። የአንድ ስደተኛ ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ መውጣቱ በአገር ቤት የቀሩትን እናቱንና ወንድሞቹን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል፤ ስለዚህ «ለማስታወሻ» ተብሎም ቢሆን ፎቶ አይነሣ። ስማቸውን በትክክል መጥራትን አስቀድማችሁ ተለማመዱ። ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲያስተረጉሙ አታድርጉ፤ ልጁ ሊሰማው የማይገባውን ይሰማል፣ አባትም በልጁ ፊት ያንሳል። ለሴት እንግዳ በተለይ በሕክምና ጉዳይ ሴት አስተርጓሚ ፈልጉ።

ቤቱ ስትደርሱ ቁልፉን ለእነርሱ ስጧቸውና በሩን እነርሱ ይክፈቱት። ምድጃውን፣ የውኃውን መክፈቻና የበሩን መቆለፊያ አሳዩ፤ ወደ ቤተሰብ የሚደውሉበት ስልክ ስጧቸው፤ የአደጋ ጊዜ ቁጥሮችንና የሁለት የቡድን አባላትን ስልክ በቋንቋቸው ጽፋችሁ በግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከዚያ ሂዱ። መቆየት ፍቅር ይመስለናል፣ ነገር ግን የደከመ ሰው በማያውቀው ሰው ፊት ተቀምጦ ፈገግ ማለት ይከብደዋል።

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

በዚህ ጊዜ ዋናው ሥራ ወረቀት ነው። የእያንዳንዱን ሰነድ ቅጂ አውጡና ዋናውን ለባለቤቱ መልሱ፤ ፓስፖርትም ሆነ መታወቂያ በቡድኑ እጅ አይቀመጥ። ቀጠሮዎችና ቀነ ገደቦች የሰፈሩበት አንድ የቀን መቁጠሪያ በእንግዳው ቤት፣ አንድ ቅጂ በኃላፊው ዘንድ ይኑር። የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ካለ የምትረዱት ጠበቃ በማግኘት፣ በመጓጓዣና በዚያች ሰዓት ልጆችን በመጠበቅ ይሁን። ታሪኩን «አሳምሮ» እንዲናገር ማንም አይምከረው። በተለያየ ጊዜ በተነገረ ቃል መካከል የሚገኝ ልዩነት ማመልከቻን ሊያስጥል ይችላል፤ በቅን ልብ የተሰጠ ምክር ሰውን ለጥፋት ሊዳርግ እንደሚችል አስቡ።

ከጦርነት ወይም ከእስር የመጣ ሰው እንቅልፍ ማጣቱ፣ በድንገተኛ ድምፅ መደንገጡ፣ ቀጠሮ መርሳቱ የተለመደ ነው። በዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ላይ የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ያስፈለገውን አስተውሉ፤ መናገር ከፈለገ አድምጡ፣ ካልፈለገ አትቆስቁሱ፤ ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ከባለሙያ ጋር አገናኙ። የጠፋ ቤተሰብ ያለው ሰው በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ እንቅስቃሴ አማካይነት ዘመዶቹን የሚያፈላልግበት ነጻ አገልግሎት አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው እናንተ ንገሩት።

ልጆችን ትምህርት ቤት ማስገባት፣ ክትባት፣ የባንክ ሂሳብና የቋንቋ ትምህርት በዚሁ ጊዜ ይጀመሩ። እነርሱ ማድረግ የሚችሉትን እናንተ አታድርጉላቸው። በመጀመሪያው ጊዜ አብራችሁ ሂዱ፣ በሁለተኛው ከኋላ ቁሙ፣ በሦስተኛው ቤት ሆናችሁ ስልክ ጠብቁ።

ሰባተኛ፦ እርዳታንና ስብከትን አትቀላቅሉ

ይህ ክርስቲያኖችን ከሁሉ በላይ የሚፈትን ነጥብ ስለሆነ በግልጽ መነጋገር ይገባል። የሰብአዊ ድርጅቶች በ1994 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ ለፖለቲካዊም ሆነ ለሃይማኖታዊ አቋም ማራመጃ እንዳይውል ያዝዛል። ለእኛ ደግሞ ከደንቡ በፊት የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ አለን፤ ሳምራዊው ቁስሉን አሰረ፣ በእንስሳው ላይ ጫነ፣ የእንግዶች ማደሪያውን ሂሳብ ከፈለ፣ ስለ አምልኮ ስፍራ ግን ምንም አልጠየቀም (ሉቃ. 10፥30-37)።

በተግባር ይህ ማለት ቤቱ፣ ምግቡና ገንዘቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመምጣት ጋር እንደማይያያዝ በመጀመሪያው ሳምንት በአስተርጓሚ በኩል ይነገራቸው፣ በጽሑፍም ይሰጣቸው ማለት ነው። ስለ እምነታችሁ ሲጠይቋችሁ በደስታ መልሱ። ሙስሊም ከሆኑ መስጊድ የት እንዳለ አሳዩአቸው፣ የማይበሉትንም ጠይቃችሁ አክብሩ። የሌላ ትውፊት ክርስቲያኖች ከሆኑ በቋንቋቸው የሚቀደስበትን ወይም የሚመለክበትን ቤተ ክርስቲያን ፈልጉላቸው እንጂ የእናንተ አባል ካልሆኑ ብላችሁ አትዘኑ። መጠመቅ የሚፈልግ ቢኖር አትከልክሉት፣ ነገር ግን አታስቸኩሉት፤ የሃይማኖት ለውጥ በጥገኝነት ጉዳዩና በአገር ቤት ባለው ቤተሰቡ ላይ የሚያስከትለውን ነገር ከጠበቃው ጋር አስቀድሞ ይመካከር። በመድረክ ላይ ምስክርነት እንዲሰጥ ፈጽሞ አትጠይቁት፤ ውለታ ያለበት ሰው እምቢ ለማለት ይቸገራል።

ስምንተኛ፦ ቅሬታ ሲመጣ

ይመጣል። ቀጠሮ ይቀራል፣ ምስጋናው ይዘገያል፣ ገንዘቡ እናንተ ባላሰባችሁት ይውላል። እኔ ያገለገልሁበት ቡድን ለአንድ ቤተሰብ የገዛውን አዲስ አልጋ አባትየው ከእነርሱ በኋላ ለመጣ ለሌላ ቤተሰብ ሰጥቶት አገኘን። ተቆጣን፤ ምእመናን ያዋጡበት ነው ብለን ለመውቀስም ተነሣን። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት «አልጋው የእርሱ ነው ወይስ የእኛ?» ብለው ሲጠይቁ ዝም አልን። የሰጠነውን እኛው እንደያዝነው ያን ቀን አወቅሁ። ከዚያ በኋላ ወርኃዊውን ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ጥያቄ በቤተሰቡ እጅ መስጠት ጀመርን፤ እናንተ ግን ከመጀመሪያው ወር እንዲሁ አድርጉ። አብዛኛው ሰው ከሚቀበለው ላይ ቆጥቦ ወደ አገር ቤት ይልካል፤ በዚያ የቀሩትን ማሰቡን እንደ ጥፋት አትቁጠሩበት።

የአገልጋዮችን ድካምም አስቡ። በየሦስት ወሩ ኃላፊነት ይቀያየር፤ የደከመ ሰው ያለ ሐፍረት እንዲያርፍ ይፈቀድለት። «ያለ ማንጐራጐር እርስ በርሳችሁ እንግድነትን ተቀባበሉ» (1ኛ ጴጥ. 4፥9) የሚለው ቃል የተጻፈው ማንጐራጐር እንደሚመጣ ስለታወቀ ነውና የደከመውን አትፍረዱበት።

ዘጠነኛ፦ መደገፉን በሥርዓት መጨረስ

የድጋፉ ማብቂያ ቀን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይታወቅ። በስድስተኛውና በዘጠነኛው ወር ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣችሁ ምን እንደተሟላና ምን እንደቀረ ተነጋገሩ፤ ገንዘቡም ሥራ በተገኘ መጠን በደረጃ ይቀንስ እንጂ በአንድ ቀን አይቆረጥ። ሕመም ወይም የዘገየ ውሳኔ ካለ ጊዜውን አራዝሙ።

በመጨረሻው ስብሰባ በቡድኑ እጅ ያሉትን ፋይሎች ለቤተሰቡ አስረክቡ፤ ሕግ ጠብቁ የሚላችሁን የሂሳብ መዝገብ ብቻ አስቀርታችሁ የቀሩትን የሰነድ ቅጂዎች በእነርሱ ፊት አቃጥሉ። የቤት ኪራይ ውሉ በስማቸው መዛወሩን አረጋግጡ። የቤታቸው መለዋወጫ ቁልፍ በአንዳችሁ ዘንድ ካለ መልሱ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤታቸው ስትሄዱ ደውላችሁ ይሁን፤ እራት ሲጠሯችሁም ሁላችሁም ሂዱ፣ ያቀረቡላችሁን ብሉ፣ ሳህኑን ለማጠብ አትነሡ።